ቀለም ለሚያሳስተው ዐይንና ለሚያይ እጅ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጅማና ከአካባቢዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ የሚያነሡትን ሰብስበናል፦ ቀለም የማይለይለት፣ ዐይኑ የደከመ ወይም ጨርሶ የማያይ ሰው እንዴት ይሥላል? ሌሎች የሠሩትንስ እንዴት ያጣጥማል? ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ለሥዕል እጁ የተባረከ ነው። ሰሞኑን ግን የቡና ዛፍ ሥሎ ቅጠሉንም ፍሬውንም አንድ ዓይነት ቡናማ አደረገው። ለቀማ ስንወስደውም ጥሬውን ከብስሉ እየቀላቀለ አስቸገረን። ወንድሜም ልጅ ሳለ ቀይና አረንጓዴ ክር ይምታታበት ነበር። በሽታ ይሆን? መነጽርስ ይረዳዋል? (እናት፣ ከሂርማታ)

መልስ፦ ልጁን ከእንግዲህ አይቆጡት፤ የሚያየውን ነው የሣለው። በዐይናችን የኋላ ግድግዳ፣ ሬቲና ላይ፣ ቀለም የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉ፤ ኮን ይባላሉ። ቀይና አረንጓዴን ለይተን የምናውቀው ከእነሱ ሁለቱ የሚቀበሉትን ብርሃን በማነጻጸር ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ወይም ሥራው ወደ ሌላኛው ሲጠጋ ቀይ፣ አረንጓዴና ቡናማ ይቀራረባሉ፤ ሐምራዊ ከሰማያዊ ጋር ይምታታል፤ ደብዛዛ ሮዝ ግራጫ ይመስላል። ሰማያዊና ቢጫ ግን ጥርት ብለው ይታያሉ።

የወንድምዎን ነገር ማንሳትዎ ጥሩ ነው። እነዚህን ሕዋሳት የሚያዙት ጂኖች ያሉት ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ ልጅ አንድ ኤክስ ብቻ አለው፤ እሱንም የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ስለዚህ የእናት ወንድም እንዲህ ከሆነ የእኅቱም ልጅ እንዲሁ መሆኑ የተለመደ ነው። ተሸካሚ እናት፣ ማለትም ጂኑን ይዛ ለራሷ ግን ቀለም የሚለይላት፣ የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ እንዲህ የመሆን ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የማንም ጥፋት አይደለም፤ ከዕድሜ ጋርም አይባባስም። ዘራቸው ከሰሜን አውሮፓ ከሆነ ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ፣ ከሴቶች ደግሞ ከ200 አንዷ ገደማ እንዲህ ናቸው። በአፍሪካ የተገኘው ቁጥር ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም ብዙ ተማሪ በያዘ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጅዎ ብቻውን አይሆንም።

ምርመራው ቀላል ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1917 ጀምሮ የሚሠራበት የኢሺሃራ ሰሌዳ በነጠብጣቦች መካከል የተደበቀ ቁጥር ያሳያል፤ ልጁ ከ75 ሳንቲ ሜትር ርቀት በሦስት ሰከንድ ውስጥ ያነባል። በታተመው መጽሐፍና በቀን ብርሃን ይሁን። የስልክ ስክሪን ቀለሙን ስለሚለውጥ፣ ቢጫ አምፖልም ስለሚያሳስት፣ ቤት ውስጥ በስልክ የተገኘ ውጤት አይታመንም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዐይን ክፍል ስላለው እዚያ ይጠይቁ።

አብሮ ለተወለደው ዓይነት እስካሁን በየሐኪም ቤቱ የሚሰጥ ፈውስ የለም። ባለ ቀለም መነጽሮቹ አንዳንድ ቀይና አረንጓዴን አራርቀው ያሳያሉ እንጂ የጎደለውን ሕዋስ አይተኩም። በእኛ አስተያየት ገንዘቡ ለጥሩ ወረቀትና እርሳስ ቢወጣ ይሻላል። ለቀማውን በጣቱ ይማር፦ የበሰለ ቡና ያበጠና ለስላሳ ነው፤ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ሲጫኑት ፍሬው ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ጥሬው ድንጋይ ነው፤ አይወጣም። ለአስተማሪውም ይንገሩለት፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀይ ጠመኔ የተጻፈ ነገር ላይታየው ይችላል።

ጥያቄ፦ ጅማ መርካቶ አካባቢ ታፔላ እጽፋለሁ፤ የሰው ምስልም እሥላለሁ። ቀይና አረንጓዴ አይለዩልኝም። በቅርቡ አንድ ደንበኛ «ፊቴን አረንጓዴ አደረግኸው» ብሎ ሥዕሉን መለሰልኝ። ሥራውን ልተወው? (ወጣት ሠዓሊ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ አትተወው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1821 እስከ 1868 የኖረው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሻርል ሜሪዮን ቀለም እንደማይለይለት ሲያውቅ ወደ ብረት ቅርጽ ኅትመት ዞረ፤ የፓሪስን ጎዳናዎችና ድልድዮች በጥቁርና ነጭ ሠርቶ ስሙን ተከለ። አንተ ግን ቀለምን መተው አያስፈልግህም፤ ከመገመት መላቀቅ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ። ቀለምህን በስም እወቀው፣ በልክ ቀይጠው፣ ፈካ ወይም ጠቆር ማለቱን ለብቻው መርምር።

ከስሙ እንጀምር። ጥሩ ቱቦ ላይ ከንግድ ስሙ ሌላ የቀለሙ መለያ ቁጥር ታትሟል፦ አልትራማሪን ሰማያዊ ፒቢ 29 (PB 29)፣ የሎ ኦከር የሚባለው አፈርማ ቢጫ ፒዋይ 43 (PY 43)፣ ታይታኒየም ነጭ ፒደብልዩ 6 (PW 6)። የንግድ ስም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ቁጥሩ ግን ውስጡ ያለው ቀለም ምን እንደሆነ ይነግርሃል። ሱቅ ስትገባ በቁጥር ግዛ። ፓሌትህ፣ ማለትም የቀለም መቀየጫ ሰሌዳህ፣ ላይ ለእያንዳንዱ ቀለም ቋሚ ቦታ ስጠው፤ ለምሳሌ ነጭ ሁልጊዜ በግራ ጫፍ፣ ሰማያዊ ሁልጊዜ በቀኝ ጫፍ። አንዱን ቱቦ ሳትከድን ሌላውን አትክፈት። ለታፔላ የምትጠቀምበትን ቆርቆሮ ስሙን ገላው ላይ ጻፍ እንጂ ክዳኑ ላይ አትጻፍ፤ ክዳን ይለዋወጣል፤ ትልቁ ስሕተት የሚመጣውም ከዚያ ነው።

ፊቱ ለምን አረንጓዴ ሆነ? ዋናዎቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው። ቢጫ ወይም ኦከር በጥቁር ሲጠቁር የሚወጣው ቡናማ ሳይሆን ወይራ አረንጓዴ ነው። ኦከርና ሰማያዊ ብቻቸውን ሲገናኙም እንዲሁ አረንጓዴ ይወጣል። ለአንተ ሁለቱም ቡናማ ስለሚመስሉህ ጥላውን በዚያ ቀባኸው። መድኃኒቱ የጥቁርን ቱቦ ከፊት ሥራ ማውጣት ነው። በርንት ሲዬና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡናማና አልትራማሪንን እኩል ለእኩል ቀይጠህ ጠቆር ያለ ውሕድ አዘጋጅ፤ ማጥቆር ስትፈልግ ከእሱ ውሰድ። አረንጓዴ ቱቦም አትግዛ። በተለይ ፒጂ 7 (PG 7) የሚባለው ታሎ አረንጓዴ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ የክብሪት ራስ የምታህል ጠብታ ሙሉ ውሕድ ታበላሻለች፤ አንተም ሳታያት ሥዕሉ ይሄዳል። ለቅጠል ሲያስፈልግህ ቢጫና ሰማያዊ በልክ ቀይጥ።

ልኩን በዐይን አትተመን። ለአክሪሊክ (በውኃ ለሚቀጥን ቀለም) ከፋርማሲ የሚገኝ መርፌ የሌለው የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል። ለመካከለኛ ቡናማ ፊት መነሻ የሚሆን ልክ ይኸውልህ፦ 4 ሚሊ ሊትር በርንት ሲዬና፣ 2 ሚሊ ሊትር የሎ ኦከር፣ 1 ሚሊ ሊትር አልትራማሪን። ጥላ ለሚያርፍበት ከጠቆረው ውሕድ ጥቂት ጨምር። ብርሃን ለሚያርፍበት ነጭ ከትንሽ ኦከር ጋር ጨምር፤ ነጭ ብቻውን ከገባ ፊቱ አመድ የተነፋበት ይመስላል። የሞከርከውን እያንዳንዱን ውሕድ በ3 ሳንቲ ሜትር ካሬ ካርቶን ላይ ቀባና ልኩን ከጀርባው ጻፍ። አክሪሊክ ሲደርቅ ስለሚጠቁር ካርዱን ሳይደርቅ አትፍረድበት፤ በጅማ ክረምት ደግሞ መድረቁ ይዘገያል። ከዚያ ዐይኑን የምታምነው ሰው ካርዶቹን አንድ ጊዜ ተቀምጦ ስም ያውጣላቸው። ሥዕል በሠራህ ቁጥር «ይሄ ምን ዓይነት ነው?» እያልክ ሰው ከመለመን ያድንሃል።

ሦስተኛው ነገር ለሁሉም ሠዓሊ ዋናው ነው። ሥዕልን የሚያቆመው የፈካና የጠቆረ ልዩነት ነው፤ እዚህ ላይ አብዛኛው ቀለም የማይለይለት ሰው ምንም አያንሰውም። ከነጭ እስከ ጥቁር አምስት ደረጃ ያለው መለኪያ ካርቶን ላይ ቀብተህ ከሥዕሉ አጠገብ አቁም። ሥራህን በስልክ አንሳና ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጠው፤ አፍንጫው ከጉንጩ፣ ልብሱ ከግድግዳው ካልተለየ ቀለም አያድነውም። ለአንዳንዱ ሰው ቀይ ራሱ ጠቆር ብሎ፣ አንዳንዴም ጥቁር መስሎ ይታያል። ደማቅ ቀይ ቀለም ለአንተ ከሰል ከመሰለህና ስልኩ መካከለኛ ግራጫ ካደረገው፣ ስልኩን እመን። ቀለም የሚናገሩ የስልክ መተግበሪያዎችም ይረዳሉ፤ ነገር ግን እርጥብ ቀለም ስለሚያብረቀርቅ፣ ማታም በአምፖል ስለሚሳሳቱ፣ በረንዳ ላይ በቀን፣ በደረቀ ቀለም ላይ ሁለቴ አስነብባቸው።

ለታፔላው አጭር ምክር፦ ቀይ በጥቁር ላይ፣ ቀይም በአረንጓዴ ላይ አትጻፍ፤ እንዳንተ ያለው አላፊ አግዳሚ አያነበውም። ነጭ በሰማያዊ ላይ፣ ጥቁር በቢጫ ላይ ከሩቅ ይነበባል።

ጥያቄ፦ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ባለ ቀለም እርሳሶቻችን ስም የላቸውም፤ ሁለት ልጆች ሁልጊዜ ሰማዩን ሐምራዊ ያደርጉታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እርሳሱን በማይቀረጸው ጫፍ በኩል በስኮች ጠቅልለው ስሙን ይጻፉበት። ማንበብ ላልለመደ ልጅ በምላጭ ጭረት ያድርጉለት፤ አንድ ጭረት ቀይ፣ ሁለት አረንጓዴ፣ ሦስት ሰማያዊ፣ አራት ሐምራዊ። ስም ያለው እርሳስ ሲመጣም ልጆች በስሙ በኩል እንዳይቀርጹት ይጠብቁ። ማርክ ሲሰጡ ደግሞ ሰማዩ ሐምራዊ ሆነ ብለው አይቀንሱ።

ጥያቄ፦ እናቴ 66 ዓመቷ ነው፤ ሰፌድና ሞሰብ ትሰፋለች። ድሮ በቀለም የሚወዳደራት አልነበረም። አሁን ሰማያዊውን ከጥቁር ትቀላቅላለች፤ ነጩን ስንደዶም «ቢጫ ነው» ትለኛለች።

መልስ፦ ይህ ከላይ ካየነው ይለያል፤ አብሯት የተወለደ አይደለምና። በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዐይን ሞራ ነው። የዐይን ሌንስ ሲያረጅ ይቢጫል፣ ይደፈርሳል፤ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያስቀር ሰማያዊና ሐምራዊ ይጠቁራሉ። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ በ1912 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሞራ እንዳለበት ተነገረው፤ በእነዚያ ዓመታት ሥዕሎቹ ወደ ቀይና ቡናማ አዘነበሉ። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው በ1923 ነው። ዛሬ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካል፤ ከዚያ በኋላ ሰማያዊው ለጥቂት ጊዜ ከልክ በላይ ደምቆ ቢታያት አትደንግጥ። ስለዚህ ቀለሙን ከማስተካከል በፊት ሐኪም ይያት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳንናገር አናልፍም። ቀለም መለየት በዕድሜ መሃል ወይም በድንገት ከተለወጠ ምክንያቱ ግላኮማ ወይም የዐይን ነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ኢታምቡቶል የሚባለው መድኃኒትም በአንዳንድ ሰው ላይ የዐይን ነርቭን ጎድቶ ቀይና አረንጓዴን ያምታታል። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቀለም ከደበዘዘበት በራሱ ፈቃድ ሳያቋርጥ በዚያው ቀን ወደሚታከምበት ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ሕክምናው እስኪደርስ እጇ ሥራ እንዳይፈታ፦ አክርማውን ከመንከራችሁ በፊት እያንዳንዱን እስር በነጭ የጥጥ ክር እሰሩ፤ ክሩ ላይ ለቀይ አንድ ቋጠሮ፣ ለአረንጓዴ ሁለት፣ ለሰማያዊ ሦስት። እስሩ ከነቋጠሮው ስለሚነከር ማንነቱ አይጠፋም። ከነከራችሁ በኋላ ቋጠሮ ማሰር ግን ያው ግምት ነው። ሐረጉን በስፌት ቁጥር ትያዘው፤ ስድስት ቀይ፣ ስድስት ነጭ እያለች። ብርሃን ከግራ ጎኗ ይግባ፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ሞራ ያለበትን ዐይን ያንጸባርቅበታል። ጉልበቷ ላይ ነጭ ጨርቅ ብታነጥፍ የጠቆረው አክርማ ጎልቶ ይታያታል፤ የወስፌዋም ጫፍ አይጠፋትም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አላይም። ብሬል እጽፋለሁ። መሣል እፈልጋለሁ፤ ሰዎች ግን «ለማን ብለህ?» ይሉኛል።

መልስ፦ ለራስህ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 በቱርክ አገር ሳያይ የተወለደው ሠዓሊ ኤሽሬፍ አርማጋን ንድፉን በብሬል መጻፊያ ጭሮ ያወጣል፤ ከዚያ በጣቶቹ አንድ አንድ ቀለም እየቀባ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ያስከትላል። የራቀ ነገር ማነሱን ሳይቀር ይሥለዋል።

ለጀማሪ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ለስላሳ ጎማ ለጥፍ፤ ያረጀ ማውስ ፓድም ይሆናል። ከላይ ወፈር ያለ ወረቀት አንጥፈህ አራት ጎኑን በፕላስተር ያዘውና ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫን ብለህ ሥል። መሥመሩ በወረቀቱ ጀርባ ያብጣል። ገልብጠህ ስትዳስሰው ግራው ቀኝ ይሆናል፤ በብሬል መጻፊያ ሰሌዳ ስትጽፍ ከቀኝ ወደ ግራ የምትሄደው ለዚሁ ነውና አዲስ አይሆንብህም። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይቀደዳል። በጅማ እርጥበት ወፍራሙም ቢሆን ይለሰልሳል፤ እርጥብ ወረቀት ላይ የወጣ መሥመር ደግሞ በዳሰስከው ቁጥር ይጠፋል። ወረቀትህን አፉ በታሰረ ፕላስቲክ ውስጥ አኑረው።

እየሣሉ ወዲያው ለመዳሰስ ግን ሰም የነካው ክር ይሻላል፤ ጅማ የማር አገር ናትና ሰም አይቸግርህም። 100 ግራም ንጹሕ ሰምና 25 ግራም ቫዝሊን ቆርቆሮ ውስጥ አድርግ፤ ቆርቆሮውን የፈላ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጥ። ሰም በ64 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ የውኃው ሙቀት ይበቃዋል። እሳት ላይ በቀጥታ አታድርገው፤ ይያያዛል፤ ከተያያዘ ውኃ አይደፋበትም፣ ክዳን ይደፋበታል። በዚህ ሥራ የሚያይ ሰው አብሮህ ይኑር። ወፍራም የጥጥ ክር በእጅ ክንድ ርዝመት ቆርጠህ ንከረውና አንጠልጥለው። ሲቀዘቅዝ ከተሰነጣጠቀ ቫዝሊኑ አንሷል፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ በዝቷል። ለስላሳ ካርቶን ላይ ስትጫነው ይይዛል፤ ካልጣመህ ነቅለህ መልሰህ ትተክለዋለህ። ማጥፊያ ማለት ይኸው ነው።

ቀለም ስትጀምር እያንዳንዱ ቀለም በጣት የሚታወቅ ይሁን። አራት እጅ አክሪሊክ ላይ አንድ እጅ የተነፋ አሸዋ ለቀይ፣ ደቃቅ የእንጨት ብናኝ ለሰማያዊ፣ ምንም ያልገባበት ለነጭ። ዱቄትና የቡና አተላ አትጨምር፤ በክረምት ይሻግታሉ።

ርቀትን ለመረዳት በር ፊት ቆመህ ሁለት እጆችህን ወደ ሁለቱ መቃኖች ዘርጋ። ከዚያ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂድና እንደገና አመልክት። እጆችህ ተቀራረቡ አይደል? በሩ ሲርቅ ማነሱ ይህ ነው፤ በወረቀቱም ላይ እንዲሁ አጥበው። ሥራህን ስትጨርስ ለማያይ ጓደኛህ ሰጥተህ ምን እንደሆነ ይንገርህ፤ እሱ ያላወቀውን መሥመር ቀንስ።

ጥያቄ፦ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎችን ጅሬን ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወስጄ ማስጎብኘት እፈልጋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ብገልጽላቸው ደስ ይለኛል። እንዴት ልግለጽ? (መምህርት)

መልስ፦ አስቀድመው ኃላፊዎቹን ምን መንካት እንደሚፈቀድ ይጠይቁ። ቅርስ የማይነካ ከሆነ ገበያ ላይ ያለ የጅማ በርጩማ ገዝተው ይሂዱ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለእጅ ከብዙ ሥዕል የበለጠ ይነግራል። ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፣ እጅ ይታጠብ፣ ይድረቅ። መጀመሪያ በሁለት መዳፍ ጠቅላላ ቅርጹን፣ ቀጥሎ በጣት ጫፍ የመሮውን ዱካ ይከተሉ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ጊዜ ይስጡ፤ እጅ ቁራጭ በቁራጭ ስለሚያነብ ከዐይን ይዘገያል።

ስለ ሥዕል ሲናገሩ በመጠኑ ይጀምሩ፦ «ከእኔ ቁመት ይበልጣል፣ ሸራ ነው፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል»። ቀጥሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅላላውን፣ ከዚያ ማን የት እንዳለ፣ በመጨረሻ ልብስና ቀለም። «ያምራል»፣ «ያሳዝናል» የሚለውን ለእነሱ ይተዉላቸው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያናችን አሣሣል ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ሁለት ዐይናቸው ይታያል፤ ክፉዎችና አጋንንት በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዐይን ብቻ አላቸው። ይህን ደንብ አንዴ የያዘ ተማሪ «ፊቱ በጎን ነው» ሲሉት ማን እንደሆነ ራሱ ይነግርዎታል። በሰም ክርም ሊሠራ የሚችል ልዩነት ነው።

የሚዳሰስ ቅጂ ካዘጋጁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፎቶውን መሥመር በመሥመር በመቅዳት ነው። ጣት ላይ ሁሉም ይደበላለቃል። አንድ ወረቀት አንድ ሐሳብ ይያዝ፤ በመጀመሪያው ወረቀት የሰዎቹ ዝርዝር ቅርጽ ሳይገባ አቋማቸው ብቻ፣ በሁለተኛው አንድ ፊት ብቻ። በሁለት መሥመሮች መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ይተዉ፤ ወረቀቱም ሁለት እጅ ሳይንቀሳቀስ ከሚሸፍነው፣ ማለትም ከኤ 4 ብዙ አይብለጥ። ልብስን በነጠብጣብ፣ ሰማይን በባዶ ይለዩ፤ የነጠብጣቡን ትርጉምም በወረቀቱ ላይኛ ግራ ጥግ በብሬል ይጻፉ።